ቦረኗ ላም እና የእንቁላሏ ሰዓት

ሞያሌ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ከተሞች ናት። የሰሜኑ ወገን የኢትዮጵያ፣ የደቡቡ የኬንያው ማርሳቢት ካውንቲ ነው። ቦረናው፣ ገብራው፣ ገሪው፣ ቡርጂው እና ሶማሌው ከመስመሩ ወዲያም ወዲህም ዘመድ አለው። ከብቱም እንደ ባለቤቱ ነው፤ ሣርና ውሃ ባለበት ያድራል፣ ገበያ ባለበት ይሸጣል። በዚህ ድንበር የሚርመሰመሰው ቦረን የተባለው ዝርያ ግን ከሞያሌ ገበያ እጅግ ርቆ ሄዷል። ዘሩ ዛሬ በደቡብ አፍሪካ እርሻዎች እና በአውስትራሊያ ይገኛል። ወደ አውስትራሊያም ሆነ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄደው በእግሩ ተነድቶ ወይም በመርከብ ተጭኖ አይደለም። የሰባት ቀን ገደማ ፅንስ ሆኖ፣ በረዶ ውስጥ ተቀምጦ ነው የሄደው።

በትውልድ አገሩ ግን አብዛኛዋ ላም ዛሬም የምትፀንሰው መንጋው ውስጥ ካለ ኮርማ ነው። የቤት እንስሳትን በሰው እጅ የማዳቀል ሳይንስ ይህን ያህል ርቀት ሄዶ ሳለ፣ እዚህ ሲደርስ ለምን ይዝላል? የተለመዱት መልሶች ገንዘብ፣ መንገድ እና የባለሙያ እጥረት ናቸው። ሦስቱም እውነት ናቸው፤ ከሦስቱም ስር ግን የጊዜ ጉዳይ አለ። የላም እንቁላል ከእንቁላል እጢዋ ከወጣች በኋላ ለመዳቀል ብቁ ሆና የምትቆየው ከ6 እስከ 12 ሰዓት ብቻ ነው። ባለፉት 130 ዓመታት የተፈለሰፈው ዘዴ ሁሉ ያችን ሰዓት ለመገመት፣ ለማዛወር ወይም ለማቆም የተደረገ ሙከራ ነው ቢባል ብዙም ስህተት የለበትም። በዚህ ዳሰሳ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የ12 ሰዓቱ ስህተት

የታሪኩ መነሻ ጥንቸል ናት። ዋልተር ሂፕ የተባለው እንግሊዛዊ በ1890 ከአንዲት የአንጎራ ጥንቸል የወሰዳቸውን ሁለት ፅንሶች ወደ ሌላ ዝርያ ጥንቸል ማህፀን አዛወረ፤ ተቀባይዋም ከራሷ ልጆች ጋር ባዕዳኑን ወለደች። ይህ ፅንስ ከእናቱ ተለይቶ በሌላ ማህፀን ማደግ እንደሚችል አሳየ። እንቁላሏ ራሷ ከሰውነት ውጭ ምን ታደርጋለች የሚለው ጥያቄ ግን 45 ዓመት መጠበቅ ነበረበት።

በ1935 ግሪጎሪ ፒንከስ እና ኤርንስት ኤንዝማን አንድ ያልተጠበቀ ነገር አዩ። በእጢዋ ውስጥ ለወራትና ለዓመታት ተኝታ የምትቆየው የጥንቸል እንቁላል፣ ከከረጢቷ ወጥታ ሳህን ላይ ስትቀመጥ ማንም ሳያዝዛት መብሰል ትጀምራለች። ለካስ ከረጢቱ የሚያበስላት ሳይሆን እንዳትበስል የሚይዛት ነው! ፒንከስ ከዚህ ተነስቶ በ1939 የሰው እንቁላልም በ12 ሰዓት ትበስላለች ሲል ጻፈ።

ይህ ቁጥር ተመራማሪዎችን ለአንድ ትውልድ አሳሳተ። ሮበርት ኤድዋርድስ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የሰው እንቁላል ሳህን ላይ አስቀምጦ በ12ኛው ሰዓት ሲያያት ምንም ለውጥ አላገኘም። ሌላ ሰው ቢሆን ሳህኑን ይደፋው ነበር። እሱ ግን መጠበቁን ቀጠለ። በ1965 ባወጣው ጽሑፍ የአይጥ፣ የበግ፣ የላም፣ የአሳማ፣ የዝንጀሮ እና የሰው እንቁላሎችን አነጻጸረ፤ የአይጧ በግማሽ ቀን ገደማ ስትጨርስ የሰውና የአሳማዋ አንድ ቀን ተኩል ገደማ ያስፈልጋቸዋል። የሙከራ ቱቦ ልጅ የተባለችው ሉዊዝ ብራውን በ1978 የተወለደችው፣ ኤድዋርድስም በ2010 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ከዚህ ትዕግሥት በኋላ ነው። ነገሩ በሰው ሕክምና ይታወቅ እንጂ፣ ለከብት እርባታ ያተረፈው ዋናው ቁም ነገር እያንዳንዱ እንስሳ የራሱ ሰዓት እንዳለው ማሳየቱ ነው። ዛሬ በላቦራቶሪ የላም እንቁላል ከ22 እስከ 24 ሰዓት፣ የአሳማ ከ40 እስከ 44፣ የግመል ደግሞ ከ30 እስከ 36 ሰዓት ይሰጣታል።

ሥራው በቅርብ ሲታይ እንዲህ ነው። ከቄራ የመጣ እጢ በሞቀ የጨው ውሃ ታጥቦ፣ ላዩ ላይ ያበጡት ትናንሽ ከረጢቶች በመርፌ ይመጠጣሉ። የሚገኘው ፈሳሽ ሳህን ላይ ሲዘረጋ በአጉሊ መነጽር ስር ደመና የመሰለ ነገር ይታያል፤ እንቁላሏ በመካከሉ ጥቁር ነጥብ ናት፣ ዙሪያዋን የከበባት የሚመግቧት ሴሎች ክምር ነው። ክምሩ ጥቅጥቅ ያለና ያልተበተነ ከሆነ ትመረጣለች፤ የተራቆተችው ትጣላለች። የተመረጡት በ38.5 ዲግሪ ሙቀትና 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ባለበት ሳጥን ያድራሉ። በማግስቱ ክምሩ ተበትኖ፣ አተላማ ሆኖ፣ እንቁላሏም ትርፍ ክሮሞሶሞቿን በአንዲት ቅንጣት አውጥታ ከተገኘች በስላለች ማለት ነው።

ጥጃው መጣ፤ ጥያቄው ቀረ

እንቁላሏ ብትበስልም የወንዴው ዘር ደግሞ የራሱ ሰዓት አለው። ሚን ቹዌ ቻንግ እና ኮሊን ኦስቲን በ1951፣ ሳይመካከሩ፣ አዲስ የፈሰሰ ዘር እንቁላል ማዳቀል እንደማይችልና በሴቷ አካል ውስጥ ጥቂት ሰዓት ቆይቶ መሰናዳት እንዳለበት ደረሱበት። በዚያው ዓመት ዊስኮንሲን ውስጥ የመጀመሪያው በፅንስ ዝውውር የተገኘ ጥጃ ተወለደ። ከሰውነት ውጭ በመዳቀል የተገኘው የመጀመሪያው ጥጃ ደግሞ በ1981 በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ነው የተወለደው፤ የእሱ እንቁላል ግን የበሰለችው በላሟ ሆድ ውስጥ ነበር። ከመብሰሉ ጀምሮ ሁሉም ነገር ሳህን ላይ ተከናውኖ ጥጃ የተገኘው በ1980ዎቹ አጋማሽ በጃፓንና በአየርላንድ ነው። በዚያው ጊዜ ሄፓሪን የተባለው የደም ማቅጠኛ የኮርማን ዘር በሳህን እንደሚያሰናዳ ታወቀ። በ1988 የዩትሬክት ተመራማሪዎች በአልትራሳውንድ እየተመሩ ከቆመች ላም እጢ እንቁላል በመርፌ መቅዳት ጀመሩ። ቄራ መጠበቅ ቀረ፤ አንዲት ምርጥ ላም በየሁለት ሳምንቱ እንቁላል መስጠት ቻለች።

ዘዴው ከዚያ በኋላ ኢንዱስትሪ ሆነ። በ2016 በዓለም ዙሪያ ሳህን ላይ የተሠሩ የከብት ፅንሶች ቁጥር ከላም ማህፀን ታጥበው ከሚወጡት ፅንሶች ለመጀመሪያ ጊዜ በለጠ።

ያልተዘጋው ሙግት ያለው እዚህ ነው። ሳህን ላይ ከተዳቀሉት የላም እንቁላሎች ወደ ማህፀን ለመዛወር የሚበቁት በአብዛኛው ከ30 እስከ 40 በመቶ ናቸው። ቀሪዎቹ መንገድ ላይ ይቆማሉ። ለምን? አንደኛው ወገን ጥፋቱ ፅንሱ የሚያድግበት ፈሳሽ ነው ይላል። ሌላው ደግሞ እንቁላሏ ከእጢዋ ስትወጣ ነገሩ አስቀድሞ ተወስኗል ባይ ነው። የዱብሊን ተመራማሪዎች በ2002 ሁለቱን ለይተው ፈተኑ፤ በላም ሆድ የበሰሉትንና በሳህን የበሰሉትን እንቁላሎች አዳቅለው ከፊሎቹን ሳህን ላይ፣ ከፊሎቹን በበግ የእንቁላል ቱቦ ውስጥ አሳደጉ። ስንት ፅንስ እንደሚገኝ የወሰነው የእንቁላሏ አመጣጥ ነበር። ፅንሱ በረዶን ተቋቁሞ መውጣቱን የወሰነው ግን ያደገበት ቦታ ነው። ስለዚህ ሁለቱም ወገኖች ልክ ናቸው፤ የሚከራከሩት ግን ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነው።

ከዚህ የመጣው ልዩነት ለመላው ጉዳይ ቁልፍ ነው። እንቁላሏ ክሮሞሶሟን አስተካክላ መጨረሷ አንድ ነገር ነው፤ ሆዷ ውስጥ ያለው ስንቅ፣ ማለትም ፅንሱን የመጀመሪያዎቹን ቀናት የሚያሻግረው መልእክትና ኃይል፣ መሟላቱ ሌላ ነው። የመጀመሪያው 24 ሰዓት ይበቃዋል። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ አይደርስም፤ ከከረጢቷ ያለጊዜዋ የወጣች እንቁላል መብሰሏን የምትጀምረው ስንቋን ሳትቋጥር ነውና። በዚያው በ2002 የኩቤክ ቡድን ላሞቹን ከረጢት የሚያሳድግ ሆርሞን ሰጥቶ፣ ለ48 ሰዓት ያህል አቁሞ፣ እንቁላል የሚያስወጣውን ሆርሞን እንቁላሉ ከመቀዳቱ 6 ሰዓት በፊት ሲሰጥ፣ ለፅንስ የበቁት ወደ 80 በመቶ ወጡ። በመድኃኒቱ ላይ የተጨመረ ምስጢር አልነበረም፤ የተለወጠው የጊዜ አሰጣጡ ነው። የአዴሌይድ ተመራማሪዎች በበኩላቸው በ2010 እንቁላሏን ሳህን ላይ በኬሚካል ለጥቂት ጊዜ ይዞ ማዘግየትን አቀረቡ፤ ውጤታቸው ያማረ ነበር፣ ሌሎች ላቦራቶሪዎች ግን በዚያው ልክ ሊደግሙት ተቸግረዋል።

ፈረስ ደግሞ ሰዓቱ በወንዴው በኩል ሊሆን እንደሚችል አስተምራለች። በፈረስ የተለመደው የሳህን ማዳቀል ለሠላሳ ዓመት ያህል አልሳካ ብሎ፣ ዘሩን በመርፌ እንቁላሏ ውስጥ መክተት ብቸኛው መንገድ ሆኖ ቆየ። የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2022 የድንጉላውን ዘር ከእንቁላሏ ጋር ከማገናኘታቸው በፊት 22 ሰዓት ያህል ሲያቆዩት ተሳካ፤ ውርንጭላዎችም ተወለዱ።

ዜቡ፦ እንቁላሉ ብዙ፣ ድራቱ ድብቅ

እስካሁን የተነገረው ሁሉ በአብዛኛው ሻኛ በሌላቸው የአውሮፓ ላሞች ላይ የተጠና ነው። ቦረን ግን ሻኛ ካለው፣ ዜቡ ከሚባለው የከብት ወገን ነው። በዚህ ላይ የብራዚል ተሞክሮ ግሩም ነገር ይናገራል። የሕንድ ዘር ያለባት የብራዚሏ ኔሎሬ አንድ ጊዜ ስትቀዳ 20 እና ከዚያ በላይ እንቁላል ስትሰጥ፣ ሆልስታይኗ ብዙ ጊዜ ግማሹን እንኳ አትሞላም። ብራዚል በሳህን ፅንስ ዓለምን የመራችው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

ይህን ይዞ ቦረንም እንዲሁ ነው ማለት ግን ያስቸግራል። ቦረን የሻኛሙ ከብት ብቻ ሳይሆን የጥንቱ የአፍሪካ ከብት ደምም አለበት፤ የሚሰማራውም ዓመቱን ሙሉ ለምለም በሆነ መስክ ላይ አይደለም። ቦረናዎች ራሳቸው መንጋቸውን ቆርቲ እና አዩና ብለው ይለያሉ፤ ቆርቲው ግዙፉና የሚመረጠው፣ አዩናው አነስ ያለው ነው። የላቦራቶሪ ጽሑፎች ይህን ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ አያነሱትም፤ ቦረን ብለው በአንድ ስም ይጨፈልቁታል።

በአፍሪካ ቀንድ ከተሠሩት ሥራዎች ግንባር ቀደሙ የአዲስ አበባው ዓለም አቀፍ የአፍሪካ የእንስሳት ሀብት ማዕከል፣ ኢልካ፣ በደብረ ዘይት ጣቢያው የሠራው ነው። በ1988 የወጣ የማዕከሉ ጥናት የኢትዮጵያን ዜቡ ላሞች የድራት፣ ማለትም ኮርማ የመፈለጊያ፣ ዑደት፣ ርዝመትና እንቁላል የሚወጣበትን ሰዓት መዘገበ። ሙካሳ ሙገርዋ በ1989 ያዘጋጁት የኢልካ ሞኖግራፍ ደግሞ የዜቡን የመራቢያ ጉዳይ በሙሉ ሰብስቦ ገመገመ፤ ዘግይታ ለአቅመ ጊደርነት የምትደርስ፣ በሁለት ወሊድ መካከል ረጅም ጊዜ የምትወስድ፣ ድራቷ አጭርና ደብዛዛ የሆነ ላም ከዚያ ገጽ ላይ ትወጣለች።

ደብዛዛነቱ የት እንዳለ በጥንቃቄ ማየት ያስፈልጋል። የአውሮፓ ላም ድራቷ ከ12 እስከ 18 ሰዓት ይቆያል፤ የዜቡ ወደ 10 ሰዓት ይጠጋል። በኔሎሬ ላይ የተደረገ የብራዚል ጥናት ከአስሩ ድራት ሦስት ያህሉ ሌሊት ተጀምሮ ሌሊቱን እንደሚያልቅ አሳይቷል። ድራቱ ከተጀመረበት ሰዓት አንስቶ እንቁላሏ እስክትወጣ ያለው ጊዜ ግን በሁለቱም ዘንድ ተቀራራቢ ነው፤ አንድ ቀን ሙሉ አልፎ ጥቂት ሰዓት። እንግዲህ የዜቡ እንቁላል ሰዓት አልተለየም። የተለየው ሰው ሰዓቱን የሚያይበት መስኮት ጥበቱ ነው። ሁለቱን ያምታቱ ጽሑፎች ጥቂት አይደሉም፤ ዜቡ በተፈጥሮዋ መፀነስ ይከብዳታል የሚለው አባባልም በከፊል ከዚህ መምታታት የመጣ ነው።

ጠዋት ኮርማ ስትፈልግ የታየች ላም ከሰዓት በኋላ፣ ማታ የታየችው በማግስቱ ጠዋት ትዳቀል የሚለው ደንብ የኔብራስካው ትሪምበርገር በ1940ዎቹ በወተት ላሞች ከሠራው ጥናት የመጣ ነው። አዲስ አበባም ናይሮቢም ያሉ አዳቃይ ቴክኒሻኖች የሚማሩት ይህንኑ ነው። ደንቡ ድራቱ ሲጀመር ለታየ ላም ያገለግላል። እኩለ ሌሊት ጀምራ ንጋት ላይ ስታበቃ እረኛው ያያት ላም ግን ሰዓቷ መቁጠር ከጀመረ ቆይቷል፤ ከሰዓት በኋላ ይደረግ ሲባል ቴክኒሻኑ የሚደርሰው ማታ ከሆነ ደግሞ ዘሩ ተሰናድቶ ሳይጨርስ እንቁላሏ ልታልፍ ትችላለች።

ከአስመራ እስከ ቃሊቲ፣ ከካቤቴ እስከ ማርሳቢት

ኬንያ ሰው ሠራሽ ማዳቀልን በ1935 ገደማ ጀመረች። በ1946 ናይሮቢ አጠገብ ካቤቴ ላይ የኮርማ ዘር ጣቢያ ተቋቋመ፤ ዛሬ የኬንያ የእንስሳት ዘረመል ሀብት ማዕከል የሚባለው እሱ ነው። ጣቢያው በተለይ ለደጋው የወተት ላም ባለቤት ተስማማ፤ ላሟ ደጃፍ ላይ ታስራ ስለምትውል ድራቷ ይታያል። የቦረን አርቢዎች ማኅበር በ1951 የተመሠረተው ደግሞ በነጭ ሰፋሪዎች ርስት ላይ ነው። ሰፋሪዎቹ ከሰሜኑ ቦረና እና ሶማሌ የመጡ ከብቶችን መርጠው ያራቡ ናቸውና፣ የተሻሻለው የኬንያ ቦረን መሠረቱ ከሞያሌ አቅጣጫ የተነዳው መንጋ ነው።

በኢትዮጵያ በኩል የመጀመሪያው ሙከራ በ1938 አስመራ ላይ ተደርጎ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተቋረጠ። በ1952 ቢቀጥልም የዘርና የፈሳሽ ናይትሮጅን ወጪው ከብዶ ቆመ። በ1960ዎቹ መጨረሻ በስዊድን እርዳታ አርሲ ጭላሎ ላይ እንደገና ተነሳ። የቃሊቲው ብሔራዊ የሰው ሠራሽ ማዳቀያ ማዕከል የመጣው በ1980ዎቹ ነው። በቦረና በኩል መንግሥት የመረጠው መንገድ ሌላ ነበር፤ ያቤሎ አቅራቢያ ዲድ ቱዩራ ላይ ንጹሑን ቦረን የሚጠብቅ ርባታ ተቋቁሞ የተመረጡ ኮርማዎች ለአርብቶ አደሩ እንዲከፋፈሉ ተደረገ። ብዙ የውጭ ባለሙያዎች ይህን እንደ ኋላ ቀር መፍትሔ ያዩታል። ኮርማ ግን ሌሊት አይተኛም፤ ድራት የመለየት ችሎታውም ከማንኛውም ቴክኒሻን ይበልጣል።

የአገልግሎቱ ውጤት ሲመዘን ቁጥሩ አያኮራም። ደሳለኝ ገብረ መድኅን እና ባልደረቦቹ በ2000ዎቹ መጨረሻ ባደረጉት አገር አቀፍ ጥናት በመጀመሪያው ማዳቀል የፀነሱት ላሞች 27 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ድራት በሰዓቱ አለመታየቱ፣ ቴክኒሻኑ ቅዳሜና እሑድ አለመኖሩ፣ ትራንስፖርትና ናይትሮጅን መጥፋቱ አገልግሎቱን ሲያነክሱት የኖሩ ምክንያቶች ናቸው፤ አብዛኞቹ መልሰው ወደ ሰዓቱ ጉዳይ ይወስዱናል።

ናይትሮጅኑ ራሱ ከጊዜ ጋር የሚሮጥ ነገር ነው። ዘሩ በቀጫጭን ስትሮው ተሞልቶ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ ይቀመጣል፤ ቴክኒሻኑ የሚሸከመው ትንሹ ኮንቴይነር ካልተሞላ በጥቂት ሳምንት ይተናል። ስትሮው ሲወጣ ከ35 እስከ 37 ዲግሪ በሞቀ ውሃ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ይነከራል፤ ከዚያ በደቂቃዎች ውስጥ ላሟ ጋ መድረስ አለበት። ሞያሌ ከናይሮቢም ከአዲስ አበባም ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። የኢሲዮሎ ሞያሌ አስፋልት በ2010ዎቹ አጋማሽ ካለቀ ወዲህ፣ በታኅሣሥ 2020 ደግሞ የጋራው የድንበር ኬላ ከተመረቀ ወዲህ ዕቃ በቶሎ ይደርሳል። ከከተማው አንድ ቀን የሚያስኬድ ፎራ (ከቤት የራቀ ግጦሽ) ላይ ያለ መንጋ ጋ ግን አስፋልት አይደርስም።

ሆርሞን ሰዓት ሲይዝ

ድራትን መጠበቅ ካስቸገረ ለምን ራሳችን አንወስንም? ይህ ድራትን በሆርሞን የማቀናጀት ደጋፊዎች አቋም ነው። በ1995 የዊስኮንሲኖቹ ፐርስሊ፣ ሚ እና ዊልትባንክ ያቀረቡት መርሐ ግብር አንድ መርፌ፣ ከሰባት ቀን በኋላ ፕሮስታግላንዲን የተባለው ሆርሞን፣ ከሁለት ቀን በኋላ ሦስተኛ መርፌ፣ ከዚያ አስቀድሞ በተቆረጠ ሰዓት ማዳቀል ነው። ላሟ ድራት አሳየች አላሳየች አይጠየቅም። ብራዚል ይህንን በፕሮጄስትሮን ማስቀመጫ እና በኢስትራዲዮል አሻሽላ ለኔሎሬ አመቻቸችው፤ የአውሮፓ ኅብረት ኢስትራዲዮልን ለምግብ እንስሳት ስለከለከለ ዘዴው ዓለም አቀፍ ሊሆን አልቻለም።

ኢትዮጵያ ውስጥ አዛገ ተገኘ እና ባልደረቦቹ ከዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም (ኢልሪ) ጋር በ2010 እና 2011 አካባቢ በሐዋሳ ዳሌ እና በአዲግራት መቐለ የወተት ቀጠናዎች ድራትን በሆርሞን አቀናጅተው በጅምላ አዳቀሉ። ለመርፌው ምላሽ ያልሰጠች ላም እምብዛም አልነበረችም፤ የፀነሱትም ከ57 እስከ 62 በመቶ ገደማ ሆኑ። ከ27 በመቶው አጠገብ ሲቀመጥ ይህ ከፍተኛ ለውጥ ነው። አገሩ ያው ነው፤ ከተለወጡት ነገሮች አንዱ ቴክኒሻኑ መቼ መምጣት እንዳለበት አስቀድሞ ማወቁ ነው።

ደጋፊዎቹ የሚያልፉት ነጥብ ግን አለ። ፕሮስታግላንዲን የሚሠራው ዑደት በጀመረች ላም ላይ፣ ያውም እጢዋ ላይ ተገቢው አካል ባለበት ቀን ብቻ ነው። የፀነሰች ላም ላይ ከተወጋ ያስወርዳል፤ ሳይመረመሩ በዘመቻ መርፌ መደርደር የሚያስከትለው ኪሳራ ይህ ነው። የተራበች፣ ጥጃ የምታጠባ፣ አጥንቷ የቆመ ላም ደግሞ እንቁላሏን ጭራሽ አታወጣም። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ በቦረና እና በማርሳቢት ያለቀው ከብት አልቆ፣ የተረፉት ላሞች እጢያቸው ተኝቶ ነበር። ለእንዲህ ያለ መንጋ የመጀመሪያው የመራቢያ መድኃኒት መኖ ነው። ቴክኖሎጂውን የሚገፉ ፕሮጀክቶች ይህን በግርጌ ማስታወሻ ሲያነሱት ይታያል፤ መነሳት የነበረበት በመጀመሪያው ገጽ ነው።

ፅንስ ድንበር ሲሻገር

ሐዋሳ ላይ የሠራው የሰዓት ዘዴ ለዘር ነው። ፅንስን ማዛወር ግን ሰዓቱን አቁሞ መጓዝ ነው፤ ናይሮቢ ደግሞ በዚህ ረገድ ሰፊ ታሪክ አላት። በ1980ዎቹ በናይሮቢው የእንስሳት በሽታ ምርምር ላቦራቶሪ፣ ኢልራድ፣ ከጋምቢያ በበረዶ የመጡ የእንዳማ ፅንሶች በቦረን ላሞች ማህፀን ገብተው ጥጆች ወጡ። እንዳማ የገንዲ በሽታን የሚቋቋም ዝርያ ነው፤ ከብቱን ከምዕራብ አፍሪካ እስከ ምሥራቅ መንዳት ግን በሽታ መንዳት ነበር። ከአራት የእንዳማ ኮርማዎችና ከአራት የቦረን ላሞች በተነሳው ዝርያ 177 የልጅ ልጆች ላይ የተሠራው የዘረመል ጥናት በ2003 ወጣ። ተተኪው ተቋም ኢልሪ በ2010ዎቹ ቱማይኒ የተባለ ወይፈን ከቦረን ሴል ክሎን አድርጎ አስወለደ፤ ዓላማው ውሎ አድሮ ገንዲን የሚቋቋም ዘረመል የተጨመረበት ከብት ማግኘት ነበር።

በወዲያኛው አቅጣጫ የቦረን ፅንሶች ከዛምቢያ ተሰብስበው፣ በኮኮስ ደሴቶች የኳራንቲን ጣቢያ አድርገው፣ በ1990 አውስትራሊያ ገቡ። በዚያው አሥር ዓመት ከኬንያ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዱ። ደብረ ዘይት ላይም አዛገ ተገኘ እና ባልደረቦቹ በ1990ዎቹ፣ ታምራት ደገፋ እና ዓለማየሁ ለማ ደግሞ በ2016 በታተመ ሥራ፣ የቦረን ላሞች ብዙ እንቁላል ለሚያስወጣ ሆርሞን የሚሰጡትን ምላሽ ለኩ። ችሎታው አገር ውስጥ አለ ማለት ነው።

ከማህፀን በታጠበና ሳህን ላይ በተሠራ ፅንስ መካከል ለሞያሌ የሚጠቅመው ልዩነት የሚገኘው በሽታ ላይ ነው። አፍተግር በሁለቱም አገሮች ስር ሰድዷል። ከላም ማህፀን የታጠበ ፅንስ ዙሪያውን የሚከብበው ጠንካራ ሽፋን ካልተሰነጠቀ፣ በዓለም አቀፉ ደንብም አሥር ጊዜ ከታጠበ፣ አፍተግርን የማስተላለፍ አደጋው እዚህ ግባ የማይባል ተብሎ ተመድቧል። ሳህን ላይ የተሠራ ፅንስ ይህ ዋስትና የለውም፤ ሽፋኑ የተለየ ባሕርይ ስላለው ቫይረስ ይበልጥ ይጣበቅበታል። ስለዚህ ለብራዚል ያዋጣው የሳህን መንገድ በሽታ ባለበት ድንበር ላይ ከአሮጌው የማጠብ መንገድ ያነሰ ዋስትና ይሰጣል። ስለ ዋጋና ስለ ብዛት የሚደረጉት ንግግሮች ይህን ሲያነሱ እምብዛም አይሰማም።

ግመል ሌላ ሰዓት አላት

በሞያሌ ዙሪያ ድርቁ ከብትን ሲጨርስ ብዙ ቤተሰብ ወደ ግመል አዘንብሏል፤ የኢሲዮሎ የግመል ወተት ናይሮቢ ድረስ ይሸጣል። የግመል እንቁላል ግን በየ21 ቀኑ አትወጣም። የምትወጣው ተጠቅታ ከሆነ ብቻ፣ ከ30 እስከ 40 ሰዓት ገደማ ቆይታ ነው። ቻይናውያን በ1985 ይህን የሚያደርገው በወንዱ ፈሳሽ ውስጥ ያለ ነገር መሆኑን በሁለት ሻኛው ግመል ላይ አሳዩ፤ በ2012 ነገሩ የነርቭ ማሳደጊያ ፕሮቲን ሆኖ ተገኘ። ለላም የተሠራው ድራት የማየት ደንብ በሙሉ እዚህ ዋጋ የለውም፤ አዳቃዩ ከረጢቱ መድረሱን በአልትራሳውንድ አይቶ በመርፌ ካላስወጣት ማዳቀሉ ከንቱ ነው።

ዱባይ ይህን በገንዘብ አልፋዋለች። የሩጫ ግመሎች ፅንስ እዚያ ለአሥርት ዓመታት ሲዛወር ኖሯል፤ በ2009 ኢንጃዝ የተባለች የመጀመሪያዋ ክሎን ግመል ተወለደች። ያልተፈቱት ችግሮች ግን የባሰ ጎልተዋል። የግመል ዘር ዝልግልግ ስለሆነ ማቅጠንና ማቀዝቀዝ ያስቸግራል፤ በቀዘቀዘ ዘር የሚገኘው እርግዝና ከከብት ጋር አይነጻጸርም። እርግዝናው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ በማህፀኗ ግራ ቀንድ ነው፤ ምክንያቱ እስካሁን አከራካሪ ነው።

ከሁሉም ለድንበር ከተማ የሚከብደው ሦስተኛው ነው። የግመል ፅንስ በሰባተኛው ቀን ከማህፀን ታጥቦ ሲወጣ ሽፋኑን ጥሎ ጨርሷል። የላሟን ፅንስ ንጹሕ ያሰኘው እጥበት የሚሠራው ሽፋኑ ሙሉ በሆነ ፅንስ ላይ ነው፤ ሽፋኑን የጣለ ፅንስ ደግሞ በረዶንም ደህና አድርጎ አይችልም። በከብት ላይ የተሠራው ደንብ ለግመል ይዘርጋ ወይስ አዲስ ይጻፍ የሚለው ጥያቄ በባለሙያዎች ዘንድ ክፍት ነው፤ እስኪዘጋ ድረስ የግመል ዘረመል በሞያሌ ኬላ ለማለፍ ቀላሉ መንገድ አራት እግሩ ሆኖ ይቆያል።